ሠላሳ ስድስት ነጥብ አምስት

ሰኞ፣ ጥቅምት 6

እማዬ ጠዋት ደወለች። "እህትሽ ሦስት ቀን ሙሉ አልተኛችም። ነይ።" ነይ የተባልኩት አራት ወር ወዳልረገጥኩት ቤት ነው። ሄድኩ።

እህቴ ሚጢ የስፌት መኪናዋ ሥር፣ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የደንበኛ ቀሚስ ጠርዝ በጥርሷ ትተረትራለች። "ስሜን ሰፍተውበታል። እጥፉ ውስጥ ነው የደበቁት" አለችኝ። የምታየው ግን እኔን ሳይሆን ከኋላዬ ያለውን ግድግዳ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ሺህ ጊዜ አይቻለሁ። ገና በሩ ላይ እንደቆምኩ ነገሩ ገባኝ።

እማዬ አልገባትም። "ሁለት ሳምንት ራሴን ራሴን ስትል ነበር። ትኩሳት አላት። እስቲ ንኪያት።" ነካኋት። ግንባሯ ትኩስ ነበር። ሦስት ቀን ያልተኛ፣ ውሃ በአፉ ያልዞረ ሰው ምን ሊሆን ኖሯል? "እማዬ፣ ትኩሳት ያስቃዣል እንጂ ቀሚስ አያስተረትርም" አልኳት።

"አንቺ ታውቂያለሽ" አለች። እማዬ "አንቺ ታውቂያለሽ" ካለች አታውቂም ማለቷ ነው፤ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። መጀመሪያ ጠቅላላ ሐኪም ይያት ብላ ለመነችኝ። ለምን? በየወረፋው ስትንከራተት ሰው ሁሉ እንዲያያት? እኔ ክፍል ትገባለች፣ ከዓይኔ ሥር ትሆናለች፣ በወር ውስጥ ትወጣለች።

ከሚጢ ጋር የተኳረፍንበትን ነገር ልጻፈውና ይውጣልኝ። ዘመድ በተሰበሰበበት "እታለም እኮ ሰው አታይም፤ የምታየው የአልጋ ቁጥር ነው" አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እማዬም ሳቀች። እጇን ይዤ ትምህርት ቤት ያመላለስኳት እኔ ነኝ፣ የመጀመሪያ መቀሷን የገዛሁላትም እኔ ነኝ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባላል፤ እሷ ለጨዋታ ተፈጠረች፣ እኔ ለሥራ። አሁን ደግሞ ያ የሳቁበት ሥራ አስፈለጋቸው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9

ሱቋ ውስጥ የደንበኛ ክንድ ነከሰች። ጎረቤቶች በአንሶላ ጠቅልለው አመጧት።

ዶክተር ይቀጥል በስድስት ደቂቃ ጨረሰ። (ስሙ ሌላ ነው። በየካርዱ ላይ "ይቀጥል" ከማለት በቀር ሌላ ስለማይጽፍ እኛ ያወጣንለት ነው።) "ሲስተር፣ ለአንቺ ምን እነግርሻለሁ፤ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ" አለኝ። ደስ አለኝ። እህቴ በአንሶላ ተጠቅልላ ወለል ላይ እየጮኸች እኔ በሙገሳ ደስ አለኝ።

አልጋ ሰባት ደረሳት። ካርዷን ራሴ ከፈትኩ። ክብደቷን መዘንኩ፣ የደም ግፊቷን ለካሁ፣ የሙቀቱን ሠንጠረዥ ሞላሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 10

ሩጫ። ያለነው ሁለት ነርስ ብቻ ነን፤ ሃያ አራት ታካሚ። ሚጢ መርፌዋን ወስዳ ተኛች። ተመስገን። ሠንጠረዡን ለሁሉም ሞላሁ። እማዬ አራት ጊዜ ደውላለች፤ አላነሳሁም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14

አፏ ማላመጥ ጀምሯል። ምንም አልጎረሰችም፤ ግን ታላምጣለች፣ ከንፈሯን ታሞጠሙጣለች፣ ምላሷን ታወጣለች። የመርፌው ጣጣ ነው፤ እንዲህ ያደርጋል። ማርገቢያውን ሰጠኋት። መርፌውን ከመውጋቴ በፊት፣ ገና በገባችበት ቀን፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያየሁ ይመስለኛል። ይመስለኛል እንጂ እርግጠኛ አይደለሁም።

ዛሬ ደግሞ እጇ። አንሶላውን ጨብጣ ትሰፋለች፤ መርፌ የለ፣ ክር የለ። ፊት ለፊቷ አልጋ አሥራ አንድ ላይ ፈታይዋ ተቀምጣለች። ፈታይዋ ከእኛ ጋር ስድስት ዓመቷ ነው። ጥጥ ሳይኖራት ትፈትላለች፤ ግራ እጇ ይጎትታል፣ ቀኝ እጇ ያሾራል፣ አፏም ያላምጣል። ጠያቂ የላትም፤ አስቸግራም አታውቅ። አብራኝ የምትሠራው ነርስ፣ ቀልደኛዋ፣ ሁለቱን አየችና "ሲስተር፣ ፈታይዋ ስድስት ዓመት የፈተለችውን የሚሰፋላት ተገኘ!" አለች። ተረኞቹ ሁሉ ሳቁ።

እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ? ባለቅስ ክፍሉን ማን ይመራል?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 18

የጠያቂ ቀን። እማዬ መጣች። ወንበር ስሰጣት አልተቀመጠችም፤ መዳፏን ሚጢ ግንባር ላይ፣ ቀጥሎ አንገቷ ሥር፣ ቀጥሎ ብብቷ ሥር አደረገች።

"ልጄ ትቃጠላለች።"

"ክፍሉ ሙቅ ነው እማዬ፤ መስኮቱ አይከፈትም።"

"ለክተሻታል?"

"በቀን ሦስት ጊዜ" አልኳት። ሠንጠረዡንም አሳየኋት፤ ማንበብ እንደማትችል እያወቅኩ። 36.5፣ 36.6፣ 36.5። እማዬ ወረቀቱን በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ ለቀቀችው። "እንግዲህ ወረቀቱ ካለ" አለች።

ስትወጣ ከበረኛው ጋር ስታወራ ሰማኋት። "ትልቋ ልጄ እኮ እዚህ ኃላፊ ናት። ለእህቷ በቀን ሦስት ጊዜ ነው የምትለካላት።" በረኛውም "ታድለዋል እማማ" አላት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 21

መድኃኒቱ በእጥፍ ጨመረ። ከዚያ ወዲህ ደርቃለች። ክንዷን ካነሳሁት እንዳነሳሁት ይቀራል። ንግግሯም አልቋል፤ ያልኳትን መልሳ ከማለት በቀር። "ሚጢ፣ ብዪ" ስላት "ሚጢ፣ ብዪ" ትላለች። በርክክብ ጊዜ ቀልደኛዋ "አልጋ ሰባት፦ እልኸኛ፣ ትኩረት ፈላጊ" ብላ አነበበች። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቃሉን ለማንም ስንጽፈው የኖርነው ነው፤ በሌላ ሰው አፍ ስሰማው ግን ጆሮዬ ላይ ቆረቆረኝ።

ፀጉሯን ሳጥባት ራሷ የሞቀ ድንጋይ ሆኖብኛል። ውሃው ይሆናል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 24

ቁርስ ላይ ተንዘፈዘፈች። ሁለት ደቂቃ። ሽንቷን ለቀቀች፣ ምላሷን ነከሰች። ዶክተር ይቀጥል "የውሸት ነው፤ ይሄ በሽታ ድራማ ያሠራል" አለ። ምላሷን አሳየሁት። "ይቀጥል" ብሎ ጻፈ።

እማዬ ከቀትር ጀምሮ ቢሮው ደጃፍ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። የነርቭ ሐኪም ካልመጣ አልነሳም አለች። ተለመነች፣ እንቢ። አፈርኩባት። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዶክተሩ መውጫ አጥቶ ስልክ ደወለ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 27

የነርቭ ሐኪሟ ከዋናው ሕንፃ መጣች። ልጅ ናት፤ እኔ ሥራ ስጀምር እሷ አንደኛ ደረጃ ትማር ነበር። ሚጢን ግማሽ ሰዓት አየቻት። አፏን፣ እጇን፣ ዓይኗን። ያን ያህል ጊዜ አንድን ታካሚ ያየ ሐኪም በእኛ ክፍል አላስታውስም። ከዚያ ዞር ብላ "ትኩሳት ነበራት?" አለች።

ዶክተር ይቀጥል ካርዱን ሰጣት። "ከገባችበት ቀን ጀምሮ ኖርማል። ደግሞ የምትከታተላት የገዛ እህቷ ናት፤ ከሷ በላይ ማን ይጠነቀቃል?"

ሐኪሟ ሠንጠረዡን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እኔን። "ሲስተር፣ ይሄን ያህል ቀጥ ያለ ሙቀት አይቼ አላውቅም" አለች። በትሕትና ነው ያለችው።

የጠረጠረችው የአንጎል ብግነት ነው። ግን የምርመራው ወረፋ ረጅም ነው፤ ትኩሳት ቢኖርበት ነገ አስገባት ነበር፣ እንዲህ ከሆነ ግን ሁለት ሳምንት ትጠብቅ አለች። ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ጫማዋ ሲጮህ እስከ ደረጃው ሰማሁት። ተከትዬ ልጠራት እችል ነበር።

ምን ልላት ነበር? የክፍሉ ቴርሞሜትር ከተሰበረ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል ልበላት? ሦስት ጊዜ በደብዳቤ ጠይቄያለሁ፤ ኮፒው አለኝ። ከመሰበሩ በፊትስ? ታካሚው ይነክሰዋል፣ ይደብቀዋል፣ ይወረውረዋል። ሃያ አራት ሰው፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሁለት ነርስ። እዚህ ክፍል የሚታመመው ጭንቅላት ነው፤ ሙቀት ማን ያያል? እኔ ስቀጠርም እንዲሁ ይሞላ ነበር። አዲስ ነርስ ሲመጣ የማስተምረው እኔ ነኝ፦ ለሁሉም አንድ ቁጥር አትጻፉ፣ አልፎ አልፎ 36.7 ጣል አድርጉ፣ ወረቀቱ ያምራል።

ቀልደኛዋ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ያዘችኝ። ያን ጊዜ ቀልድ አልነበራትም። "ሆድ ይፍጀው። ከተናገርሽ አንቺ ብቻ አይደለሽም፤ ሁላችንም ነን። እኔ የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ።"

እኔ ደግሞ እህት አለችኝ። አላልኳትም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 28

ከመድኃኒት ቤት ቴርሞሜትር ገዛሁ። ብብቷ ሥር አደረግኩት። 38.4።

ሁለተኛ ለካሁ። 38.4።

ጻፍኩት። ከትናንቱ 36.5 ጎን። ዕፎይ አልኩ፤ ከዛሬ ጀምሮ እንኳ እውነት ነው ብዬ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 30

ዕፎይታዬ ሁለት ቀን አልቆየም። ዶክተር ይቀጥል አዲሱን ቁጥር አየና "አሃ! ማክሰኞ የጀመረ ትኩሳት ነው፤ እዚሁ ተኝታ የያዛት የሳንባ ነገር ነው" አለ። ለነርቭ ሐኪሟም በስልክ ይህንኑ ነገራት። እንዲያውም መጀመሪያ ሳንባዋ ይዳን፣ ምርመራው ይቆይ ተባለ። የሳንባ መድኃኒት ታዘዘ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ እንኳን ለመልቀም ያፈሰስኩትን አላሳየሁም። ግማሹን እውነት ጽፌ ሌላውን ውሸት እውነት አስመሰልኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 2

38.6። 38.2። 38.9። ይቀጥል። ይቀጥል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

ትንፋሿ ይቆራረጣል። ልቧ አንዴ ይጋልባል አንዴ ይተኛል። እጇ ግን አሁንም ይሰፋል።

እማዬ ጠርሙስ ውሃ ይዛ ከንፈሯን ታርሳለች። ድንገት፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ "መቼ ነው ግንባሯን የነካሽው?" አለች።

"የቱን ጊዜ?"

"ቤት የመጣሽ ቀን። እኔ ቀን አላውቅም፤ ሐኪሟ ብትጠይቀኝ መናገር አልችልም። አንቺ ግን ከልጅነትሽ ጀምሮ ሁሉን ትጽፊያለሽ። የበላሽውን እንኳ ትጽፊ ነበር። አልጻፍሽውም?"

ቤት ገብቼ ይህን ደብተር ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበብኩ። "ግንባሯ ትኩስ ነበር።" ጥቅምት 6፣ በገዛ እጄ ጽሑፍ። "ትቃጠላለች"፣ ጥቅምት 18። "የሞቀ ድንጋይ"፣ ጥቅምት 21። የምላሷም፣ የከንፈሯም፣ የእጇም ቀን አለ። ካርዷ ላይ የሌለው ሁሉ እዚህ አለ። በሰማያዊ ቅጽ ላይ ውሸት፣ እዚህ እውነት፤ አንድ እጅ፣ አንድ እስክሪብቶ።

እስካሁን "ሞላሁ" እያልኩ ነው የጻፍኩት። ለራሴ ደብተር እንኳ በቀጥታ አልተናዘዝኩም። አልለካሁም። ቴርሞሜትር እስክገዛ ድረስ አንድም ቀን አልለካሁም። እናቴ ለክተሻታል ስትለኝ በቀን ሦስት ጊዜ ያልኩት ውሸት ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

ገጾቹን ቀድጄ የትኩሳቱን ቀን ብቻ ልስጣት አሰብኩ። "ደስ አለኝ" ያልኩበትን፣ "ሳቅኩ" ያልኩበትን፣ ስለ እማዬ አፈርኩ ያልኩበትን ማን ያንብብ? ሁለቴ ጀመርኩ። ግን ግማሽ እውነት ምን እንደሚሠራ ከሳምንት በፊት አይቻለሁ። እንዳለ ወሰድኩት።

የነርቭ ሐኪሟ ቆማ አነበበች። አንድ ጊዜ ቀና ብላ "ይሄን መቀደድ የጀመርሽውን ገጽ ላንብበው?" አለች። አንብቢው አልኩ። ስትጨርስ ስልኳን አነሳች። "አዎ፣ አሁን። ሦስት ሰዓት እንኳ መጠበቅ አልችልም፤ እናንተም አትችሉም። ትኩሳቱ ከወር በፊት የጀመረ ነው። ማስረጃ አለኝ።"

ስልኩን ዘግታ "ሲስተር፣ ካርዱ ይሄ ነው" አለች፤ ደብተሬን እያሳየች። እንዲህ በረጋ ድምፅ ከምትናገረኝ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7

ከወገቧ የአከርካሪ ፈሳሽ ተቀዳ። ውጤቱ ውጭ ሄዶ ይመጣል። ሐኪሟ ግን ውጤቱን አልጠበቀችም፤ ብግነቱን የሚያበርደውን መድኃኒት በደም ሥር ጀመረችላት። ሚጢ ወደ ዋናው ሕንፃ ተዛወረች። መርፌያችን ቀረ።

ለእማዬ ስታስረዳት ሰማሁ። "እማማ፣ ሰውነት በሽታ የሚዋጋበት ዘበኛ አለው። አንዳንዴ ዘበኛው ተሳስቶ የገዛ ቤቱን ይደበድባል። የልጅዎ ዘበኛ የደበደበው አንጎሏን ነው። አንጎል ሲደበደብ እንደ እጅ አያብጥም፤ ያስለፈልፋል፣ ያስነክሳል። ቤተሰብ አበደች ይላል። እኛም አበደች ብለን እንዘጋባታለን።"

"እኔስ አላልኩም" አለች እማዬ።

በኋላ ኮሪደር ላይ ያዝኳት። እኛ ክፍል ያሉት ሁሉ እንዲህ ናቸው ወይ አልኳት። "አይደሉም። አብዛኞቹ የተባለላቸው በሽታ ነው ያለባቸው፤ መድኃኒታችሁም የሚረዳቸው። እንዲህ ያሉት ጥቂቶች ናቸው። ግን ጥቂቶቹን ለማግኘት ሁሉንም መለካት ያስፈልጋል።"

"አንድ ወር ምን አሳጣት?"

"አላውቅም" አለች። "ማንም አያውቅም።" ለማጽናናት ብላ ብትዋሸኝ አላምናትም ነበር፤ ስላልዋሸችኝ ግን ጠላኋት።

ሰኞ፣ ኅዳር 18

ውጤቱ መጣ። እሱው ነው። ሐኪሞቹ ይህ በሽታ አንዳንዴ ከእጢ ጋር ይመጣል ብለው ሆዷን አይተውት ነበር፤ እጢ የለም።

ዶክተር ይቀጥል ደረጃው ላይ አግኝቶኝ "ብርቅ በሽታ ነው፤ ማን ይገምታል?" አለኝ። እናቴ ገምታለች አልኩት። ሰዓቱን አየና ሄደ።

ዓርብ፣ ኅዳር 29

ጉዳዬን የሚያየው ኮሚቴ የተቀመጠው ባለፈው ሳምንት ነው። ዶክተር ይቀጥል "እኔ ካርዱን አምኜ ነው" አለ። እውነቱን ነው። ሜትረኗ፣ የነርሶች ሁሉ አለቃ፣ ሌሎቹንም ነርሶች ጠየቀቻቸው፤ ሁሉም እንለካለን አሉ። ቀልደኛዋም እንለካለን አለች፤ ዓይኔን እያየች። በተሰበረ ቴርሞሜትር በምን እንደሚለኩ የጠየቃቸው የለም።

"ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎቷ ሲባል" አልተባረርኩም። መዝገብ ቤት ተመደብኩ፤ ምድር ቤት፣ የድሮ ካርዶች። ለክፍሉ ስድስት አዲስ ቴርሞሜትር ተገዛ። ሠንጠረዡም ተሻሽሎ የሁለት ነርስ ፊርማ ይጠይቃል። ትናንት በሩ ላይ ሳልፍ ሁለት ሆነው ሲሞሉት አየሁ። ስድስቱም ቴርሞሜትር እንደታሸጉ መደርደሪያው ላይ ናቸው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉ የለ? ጠራልኝ። ካፌ ስገባ ጠረጴዛው ባዶ ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 10

ሚጢ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። ግድግዳውን ሳይሆን እኔን። "እታለም፣ መቼ መጣሽ?" አለች። ድምፅዋ እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ ነው። አለቀስኩ። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፤ ነርሶቹ ዞረው አዩኝ።

ከክረምቱ ወዲህ ያለውን ምንም አታስታውስም። ሱቁን፣ መንከሷን፣ አልጋ ሰባትን። እማዬ "ከእህትሽ ጋር እኮ ተኳርፋችሁ ነበር" ስትላት "በምን?" ብላ ሳቀች።

እማዬ አየችኝ። መልሱን ለእኔ ተወችው።

"በማይረባ ነገር" አልኩ። "አልጋ ቁጥር ነው የምታዪው" ያለችው ከራሷ ጠፍቷል። አሁን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው፤ ልክ እንደነበረች የማውቀውም እኔ ነኝ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 22

ቤት ገብታለች። ትበላለች፣ ትስቃለች፣ እንደ ድሮው ትተርበኛለች። ዛሬ መቀሷን አንስታ ጨርቁ ላይ አደረገችው። ሜትሩን ትከሻዬ ላይ ዘረጋች፣ ቁጥሩን አነበበች፣ ለመጻፍ ስትዞር ጠፋባት። እንደገና ዘረጋች። ጠፋባት። አራት ጊዜ። "ትከሻሽ እየተለዋወጠ ነው" ብላ ቀለደች። ከዚያ መቀሱን በቀስታ መልሳ አስቀመጠችና ወደ መኝታዋ ሄደች። ሐኪሟ የማስታወስ ችሎታዋ በዓመት፣ በሁለት ዓመት ሊመለስ ይችላል ብላለች። ላይመለስም ይችላል።

ሁለታችን ስንቀር እማዬ ጨርቁን እያጠፈች ተናገረችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

"ለክተሻታል ስልሽ በቀን ሦስት ጊዜ አልሽኝ።"

"አዎ እማዬ።"

"ለበረኛው ሁሉ ነገርኩት።"

ምሳዬን አቀረበችልኝ። በላሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 3

መዝገብ ቤት። አቧራ፣ አንድ አምፖል። የቆዩ ካርዶችን በዓመት መለየት ነው ሥራዬ። ዛሬ ከስድስት ዓመት በፊት የነበረውን ክምር ፈታሁ። ከመካከሉ የአልጋ አሥራ አንድ የመጀመሪያ ካርድ ወጣ። ፈታይዋ።

ስም ያለው ካርድ ነው፤ የራሷም የአባቷም። ዕድሜ፦ ሃያ ሁለት። ሥራ፦ ተማሪ። የገባችበት ምክንያት፦ ከአሥር ቀን ወዲህ የጀመራት መለፍለፍ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሰው መጠርጠር። ከሥሩ አንድ መስመር፦ "ያመጣት ወንድሟ፣ መጀመሪያ ራሷን አሟት ትኩሳት ነበራት ይላል።" ከዚያ በታች ሠንጠረዡ።

36.5። 36.6። 36.5። 36.5። አምስት ቁጥርን በክብ ጭራ የምጽፍ እኔ ነኝ።

ካርዱን ይዤ ወደ ዋናው ሕንፃ ሮጥኩ። የነርቭ ሐኪሟ ሁለት ጊዜ አነበበችው። "አያታለሁ" አለች። "የአእምሮ ሕመም ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ደግሞ ካርዱ ብቻውን አይነግረኝም። የእህትሽ ዓይነት ቢሆንም ስድስት ዓመት ረጅም ነው፤ ብዙ አትጠብቂ።" ከዚያ ያን ቀን የጠየቀችኝን ያህል በትሕትና "ስለ እሷስ የጻፍሽው አለ?" አለችኝ።

ቤት ገብቼ የድሮ ደብተሮቼን ከሣጥን አወጣሁ። የዚያን ዓመት አገኘሁት። በገባችበት ሳምንት ስለ አዲስ ጫማዬ ሁለት ገጽ ጽፌያለሁ። ሚጢ ስለሰፋችልኝ ሸሚዝ አንድ ገጽ። ስለ እሷ ሦስት ዓረፍተ ነገር፦ "አልጋ አሥራ አንድ አዲስ ገባች። እጇ ያስቃል። ፈታይዋ አልኳት፣ ሁሉም ሳቁ።"

ስሙን ያወጣሁላት እኔ መሆኔን ረስቼው ነበር።

ዓርብ፣ ጥር 4

ከመዝገብ ቤት ወደ ክፍሉ መግባት አይፈቀድልኝም። ገባሁ። ቀልደኛዋ አየችኝና ፊቷን አዞረች፤ በረኛውን ግን አልጠራችብኝም።

አልጋ አሥራ አንድ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና በስሟ ጠራኋት፣ ካርዷ ላይ እንዳለው፣ ከነአባቷ። ቀና አላለችም። በኪሴ የያዝኩትን ቴርሞሜትር ብብቷ ሥር ሳስገባ አልከለከለችኝም፤ ግራ እጇ ግን መጎተቱን፣ ቀኝ እጇ ማሾሩን አልተወም። እንዳይወድቅ ክንዷን ደግፌ ቁጥሩ እስኪመጣ ጠበቅኩ።

36.5 አለ። ሁለተኛ ለካሁ። 36.5። ከስድስት ዓመት በኋላ እውነት ሆኗል።